የሾፌሩ ድርሻ

የወሰዱኝ ከስብሰባ ላይ ነው። በሬን ሰብረው አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤቶቼ መሬት መሬት እያዩ ነው የወሰዱኝ።

ያን ጊዜ በእኛ በሀዲያ፣ በሌሞ ወረዳ በኩል ገበሬውን አምስት አምስት አድርገው አደራጅተውት ነበር። ለአምስቱ አንድ ተጠሪ ይሾማል። ተጠሪው ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ምን እንደተናገረ ለቀበሌ ያደርሳል። የእርከን ሥራ ዘመቻ ወጣን፣ የእኛ ቡድን መጨረሻ ወጣ። በግምገማው ስብሰባ ላይ ከወረዳ የመጣ አንድ ልጅ፣ ጫማው ላይ ጠብታ ጭቃ የሌለበት፣ በስሜ ጠርቶ አስነሣኝ።

«የእናንተ ቡድን ጠዋት ጠዋት ቆሞ ሲያወራ ይታያል። ለሥራ ነው የምትወጡት ለወሬ?»

«ስንጠያየቅ ነው» አልኩት። «በእኛ አገር ደቦ ሲወጣ መሣሪያ ከመነሣቱ በፊት ሰው ይጠያየቃል። የአንዱ ላም ወልዳለች፣ የአንዱ ልጅ ሲያተኩሰው አድሯል። ይኼን ሳታውቅ ከሰው ጋር አፈር አታነሣም። ልጁ ታሞበት ያደረ ሰው ከጎንህ ሲደክም፣ ካላወቅህ ሰነፍ ትለዋለህ። ካወቅህ ታግዘዋለህ።»

እዚህ ላይ ቁጭ ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። ቁጭ አላልኩም።

«ደግሞ ከጎኑ የቆመው ሰው ነገር አመላላሽ መሆኑን እያወቀ ማን ልቡን ሰጥቶ ይቆፍራል? አምስት አምስት አደረጋችሁንና ለእያንዳንዳችን አራት አራት ጠላት ሰጣችሁን።»

አዳራሹ ሳቀ። የከነከናቸው ንግግሬ አይመስለኝም፤ ሳቁ ነው። ስንወጣ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። አንደኛው «አባባ፣ ለአንድ ጥያቄ ጣቢያ ድረስ» አለኝ በትሕትና። የዚያን ዓመት ገብሴን ሌሎች ናቸው ያጨዱልኝ። ያቺን አንድ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

ሆሳዕና ውስጥ ያስገቡን ክፍል የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ነው። ከረጢቱ ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። በሩ ሲከፈት ዓይንህን ያቃጥልሃል፣ እንባህ ይወርዳል። አዲስ ሰው ሲገባ ነባሮቹ «አይዞህ፣ ዩሪያው ነው» እያሉ ይስቁበታል። ከልቡ ያለቀሰም ካለ በዩሪያው አሳበበ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ይጠብሳል፣ ማታ ያንዘፈዝፋል። ወለሉ ላይ የማዳበሪያው ጨው ደርቆ እንደ አመዳይ ይታያል። እሱ ላይ ካርቶን ዘርግተን እንተኛለን።

ብዙ ነበርን። የማነሣው ሦስት ሰው ነው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ልጆች አሏቸው።

አንዱ ባለሱቅ ነው። ቤተሰቦቹ ጉራጌ ናቸው፣ እሱ ግን ሆሳዕና ተወልዶ ሆሳዕና ያደገ ነው። ከተማው በአድማ ቤቱ በዋለበት ቀን ሱቅህን ዘግተሃል ተብሎ ነው የታሰረው። ምላሰኛ ነው። ሁለተኛው ከከምባታ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ አቤቱታ ላይ ፈርሟል። ገበሬውን አምስት አምስት ሲያደርጉ ከነበሩት ወገን መሆኑን ስሰማ ፊቴን አዞርኩበት፤ ሰላምታውንም አልመለስኩ። ሦስተኛው የአዲሎ ከተማ ሾፌር ነው። ወደ ሰልፍ የሚሄዱ ሰዎችን በሚኒባስህ ጭነሃል አሉት። «ተሳፋሪ ነው የጫንኩት። ሒሳቡን እቀበላለሁ እንጂ ሐሳቡን አልጠይቅም» ብሎ መለሰላቸው። ለዚች መልሱ በጥፊ መቱት።

ሾፌሩ ስኳር በሽተኛ ነው። መርፌ ይወጋል። ሚስቱ ያስገባችለትን መድኃኒት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በሸክላ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር፤ እሱ አለቀ። መድኃኒት የሚገባው በጥየቃ ቀን፣ በዓርብ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ አላቸው፤ መኪና የለም አሉት። መኪናው በቆርቆሮው ሽንቁር ይታየናል። ጣቢያውን የሚያዝዘው ሳጅን ገበያ ይሄድበታል።

በልግ ሊገባ ነው። ጎርፍ ቢሮአቸው እየገባ ስላስቸገራቸው ቦይ አስፈለጋቸው፤ ከቢሮው ጥግ እስከ አጥሩ። ሳጅኑ አሰለፈን። ካስማ አስተክሎ፣ ሲባጎ አስወጥሮ፣ ሣሩን ለየሰው ከፋፈለው።

«ይኼ ያንተ፣ ይኼ ያንተ። ወሬ የለም፣ መሰባሰብ የለም። ቀድሞ የጨረሰ ቤቱ ስልክ ይደውላል። እስከ ዓርብ ድርሻውን ያልጨረሰ ጠያቂ አይገባለትም።»

አምስት አምስት ያደረጉን አልበቃቸው፤ አሁን ደግሞ አንድ አንድ አደረጉን።

መቆፈሪያው ከገበሬ የተሰበሰበ ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ጫፉ ሁለት የብረት ጣት የሆነ፣ የእኛው አገር መቆፈሪያ። ይኼ መሣሪያ ለአንድ ሰው አልተሠራም። እንሰት መሬት ስንቆፍር ሦስት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል፤ እኩል ይተክላል፣ እኩል ይጫናል፣ ሰሌን የሚያህል ጓል ከነሣሩ ይገለበጣል። ብቻውን የያዘው ሰው ግን ዶሮ ሆነ ማለት ነው፤ ይጭራል።

ስንጭር ዋልን። ባለሱቁ እጀታው ያልተሰነጠቀውን መርጦ ይዞ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ አይለቀውም። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ የቆፈረውን አፈር የት እንደሚጥለው ታውቃላችሁ? ጎረቤቱ ድርሻ ላይ። ጎረቤቱ መጀመሪያ የሰው አፈር ይዝቃል፣ ከዚያ የራሱን ይጀምራል፤ እልህ ይይዘውና እሱም ወደ ቀጣዩ ይወረውራል። አፈሩ እየተገፋ እየተገፋ የመጣው ሾፌሩ ድርሻ ላይ ነው፤ እሱ ወርውሮ መመለስ አይችልም። እጀታውን ተደግፎ ቆሟል። ውሃ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ደግሞ ውሃ ይጠይቃል።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ባለሱቁ ላይ ጮህኩበት።

«አፈርህን የታመመ ሰው ላይ ትደፋለህ? አታፍርም?»

«ታዲያ የት ልድፋው አባባ? ሱቄ ታሽጓል።»

ሰዎች ሳቁ። እኔ ልመታው ተነሣሁ። ያዙኝ። ያን ጊዜ ባለሙያው ከጥግ ሆኖ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ትንፋሹን ተጠግታችሁ አሽትቱት» አለ። «የበሰበሰ ሙዝ ይሸታል። አባቴ እንዲህ ሸትቶ ነው የሞተው። ዓርብ መርፌው ካልገባለት ለሚቀጥለው ዓርብ አይደርስም።»

ሾፌሩ ካርቶኑ ላይ ተጋድሞ ይሰማል። «አታስፈራሯቸው» አለ። «እንዲህ በቀላሉ ብሞት የባንክ ዕዳዬን ማን ይከፍላል?»

ባለሱቁ አጠገቡ ሄዶ ተንበረከከ። አሸተተው። ፊቱ ተለወጠ።

«በማርያም፣ እኔ ስንፍና መስሎኝ ነው» አለ። «ማን ነገረኝ?»

ለካ ማንም አልነገረውም። ያን ያህል ቀን ትከሻ ለትከሻ ስንተኛ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሁሉም የራሱን በደል ታቅፎ ተኝቷል። ንዴቴ ከባለሱቁ ወረደና ወደ ሁላችንም ዞረ። እኔ ስለ መጠያየቅ አዳራሽ ውስጥ ተናግሬ የታሰርኩ ሰው፣ እዚህ ገብቼ አንድ ሰው አልጠየቅሁም።

ጠዋት በሩ ሳይከፈት «ተጠያየቁ» አልኳቸው። አጉረመረሙ። «እስር ቤት ውስጥ ምን ደኅና አለና ነው» ያለኝ አለ። ባለሱቁን ራሴ ጀመርኩት፤ ከብቱን፣ ቤቱን፣ ልጁን። «እኔ ከገባሁ ወዲህ ልጄ መራመድ ጀምራለች አሉ፣ አላየኋትም» አለ። ባለሙያውንም ጠየቅሁት፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የጠየቅሁት። እናቱ ዓይኗ አያይም፤ ዕቃ ስታነሣ ስታስቀምጥ አጠገቧ የሚሆን እሱ ብቻ ነበር። መጠያየቁ እንዲህ እንዲህ እያለ ዞረ። በሩ ሲከፈት እኛው ሌላ ሰዎች ሆነናል።

የቀረው ሳጅኑ ነው። ሦስት ሰው ጎን ለጎን እንቁም ብንለው መሰባሰብ ሊለው ነው። እኔ ልናገር ስል ባለሙያው እጄን ያዘ። «አባባ፣ እርስዎ ከተናገሩ ሁላችንም ጨለማ ክፍል ነን። ቋንቋቸውን ለኔ ይተዉት።»

ቀረብ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ «ሳጅን» አለ፣ «ሥራውን በቡድን ብናደራጀው ውጤታማነቱ ይጨምራል። ሦስት ሦስት ሰው፣ በአንድ ተጠሪ ሥር።»

ተጠሪ የምትለዋን ሲሰማ የሳጅኑ ፊት ተፈታ። «ተጠሪው ማን ነው?»

«እሱ» አለና ሾፌሩን አሳየው። «መቆፈር አይችልም፤ መቆጣጠር ግን ይችላል።»

«ይሁን። ካለቀ ለእኔ ምን ገዶኝ» አለ ሳጅኑ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁላችንም ሰምተናል።

ሲባጎውንም ካስማውንም አነሣነው። ሾፌሩን ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። በእኛ ደቦ የሚያዜምና የሚያሠራ ሰው አለ፤ መሣሪያ አይነካም። ድምፁ ነው ሥራው፣ ሲበላም ሲመሰገንም ከቆፈረው እኩል ነው። ይኼን ስነግረው «የሀዲያ ዜማ አላውቅም አባባ፣ እኔ የማውቀው መናኸሪያ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው መናኸሪያውን አምጣው።»

አመጣው። መጀመሪያ ድምፁ ሰለለ፤ ከዚያ እየሞቀው ሄደ። «አላባ፣ አዲሎ፣ ሾኔ! የሞላ መኪና ነው! ግባ!» ሲል እኔ፣ ባለሱቁና ባለሙያው እኩል እንተክላለን፣ ሌሎቹም ሦስት ሦስት ሆነው እንዲሁ። «ወራጅ አለ!» ሲል እኩል እንጫናለን፤ ጓሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ይገለበጣል። ባለሱቁ ወደ ኋላ ከቀረ «ያ ወፍራሙ ሰውዬ ጠጋ በል፣ ሁለት ሰው ቦታ ይዘሃል፣ ሁለት ሒሳብ ነው የምትከፍለው» ይለዋል። ባለሱቁም ላቡን እየጠረገ «ረዳት፣ እኔ ሾኔ ወራጅ ነኝ፣ ሶዶ ድረስ አትውሰደኝ» ይላል። ከመካከላችን አንዱ ቢደክም ሌላው ሳይጠራ ይገባለታል። ጥሩ እጀታ ያለውን መሣሪያ አሁን የሚይዘው መካከል የቆመው ነው፤ መካከሉ ይከብዳላ። አጥሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ ፊቱን አዙሮ ይስቃል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

ለራሴ ቤት እንኳ እንደዚያ ቆፍሬ አላውቅም። ይኼም ያናድደኛል፤ ለሳጅን ቢሮ ነው እኮ።

ሐሙስ ሳይመሽ ቦዩ አጥሩ ደረሰ። ዓርብ ጠዋት የሴቶች ድምፅ ከበሩ ውጭ ተሰማን። በግቢው በር ክፍተት የሾፌሩ ሚስት ትታያለች፤ ፔርሙስ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። መድኃኒቱን በበረዶ አድርጋ ካዲሎ ይዛው የመጣች ናት። ሾፌሩ ያን ቀን ከካርቶኑ ራሱን ችሎ መነሣት አልቻለም፤ ደግፈን አወጣነው።

ሳጅኑ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ሄዶበት ተመለሰ። ጥሩ ነው አላለም።

«የሁላችሁም ጠያቂ ይገባል። የሱ አይገባም» አለ ወደ ሾፌሩ እያመለከተ። «ቁጭ ብሎ ሲያወራ ነው የሰነበተው። እኔ የተቀመጠ ሰው አልቀልብም።»

«ሳጅን፣ ራስህ የፈቀድክለት ተጠሪ ነው» አለ ባለሙያው።

«ተጠሪም ቢሆን ድርሻውን አልቆፈረም።»

የባለሱቁን ስም ጠሩ። ሚስቱ መጥታለች፤ ልጅቷን ይዛ። በክፍተቱ የሕፃን እግር፣ ቀይ ጫማ፣ ወዲያ ወዲህ ሲል አየን። ባለሱቁ አየ። ከዚያ በቆፈርነው አፈር ላይ ተቀመጠ። ባለሙያውም ተቀምጧል። እኔም ተቀምጫለሁ። ሁላችንም ተቀመጥን፤ ስም ሲጠራ የሚነሣ ጠፋ።

ሳጅኑ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ሽማግሌ፣ ይኼ ያንተ ተንኮል ነው። ተነሥ።»

«ሥራው አልቋል?» አልኩት።

«አልቋል።»

«እንግዲያው የሱን ድርሻ አሳየኝ። ከየት እስከ የት ነው? ያልተቆፈረውን አሳየኝና እቆፍረዋለሁ፤ አሁን፣ ብቻዬን።»

ወደ ቦዩ ዞረ። ካስማ የለም፣ ሲባጎ የለም። አንድ ወጥ ቦይ ነው። ሲፈልግ አየሁት፤ እውነቴን ነው፣ በዓይኑ ፈለገ። አጣው። ሲያጣ ጊዜ በዱላው ትከሻዬን መታኝ፣ ደገመኝ። «ዛሬ ማንም አይጠየቅም!» ብሎ በሩን አስዘጋ። ውጭ ሴቶቹ ጮኹ። የልጅቷም ለቅሶ ተሰማ፤ እየራቀ ሄደ።

አልተነሣንም። ፀሐዩ ጠና። ባለሱቁ ኮቱን አውልቆ ለሾፌሩ ጥላ ያዘለት። ከከተማው የጁምዓ አዛን ሲሰማ፣ ሙስሊም የሆንን እዚያው በውሃ ፈንታ በአፈሩ ተየምመን ሰገድን፤ ሾፌሩ ተደግፎ፣ በጭንቅላቱ ንቅናቄ ብቻ። የቀሩት እስክንጨርስ ጠበቁን።

ሳጅኑ ለምሳ ወጣ። ያ ወጣት ፖሊስ ከአጥሩ ተነሣ። ወደ እኛ አላየም። በሩን ገርበብ አድርጎ እጁን አወጣ፣ ፔርሙሱን ተቀበለ፣ አምጥቶ ባለሱቁ ጉልበት ላይ አስቀመጠውና «ፍጠኑ» አለ። ወደ ቦታው ተመልሶ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቶን።

መርፌውን የወጋው ባለሙያው ነው። አባቱን ይወጋው ነበር።

ዋጋውን ከፈልን። እኔን ለብቻዬ ጨለማ ክፍል ዘጉብኝ። ለሌሎቹ ጥየቃ ለብዙ ጊዜ ተከለከለ፤ ባለሱቁ ልጁን ያያት ተፈትቶ ቤቱ ሲገባ ነው፣ ያን ጊዜ ትሮጣለች። ወጣቱ ፖሊስ ወዴት እንደተዛወረ አላወቅንም። ከጊዜ በኋላ ምንም ሳይሉ አንድ በአንድ ለቀቁን። ይቅርታ ያለ የለም። እኔም አልጠበቅሁ፤ ግን አልረሳሁትም፣ ርሳው የሚለኝንም ሰው አልወደውም። ለአንድ ቦይ፣ ለአንድ ብልቃጥ መድኃኒት ሰው ሊገድሉ ነበር። ያውም ቦዩ ተቆፍሮላቸው።

ሾፌሩ ብዙ ዓመት ኖረ። መኪናውንም መልሶ ነዳ። ባለፈው በጋ ስኳሩ ኩላሊቱ ላይ ወርዶ አረፈ፤ አላህ ይማረው። ለቅሶ አዲሎ ሄድኩ። ባለሱቁም መጥቶ ነበር፤ ሸብቷል፣ ምላሱ ግን አልሸበተም። ድንኳን ውስጥ ሆኖ ሾፌሩ እንዴት ሒሳብ እንዳስከፈለው ሲያወራ ለቀስተኛው አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ።

ሚስቲቱ ልንሄድ ስንል ሸኘችን። መንገድ ዳር ቆመን መኪና ስንጠብቅ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ያን ቀን እኔ በበሩ ክፍተት አያችሁ ነበር። ስማቸው እየተጠራ ማን ይሆን ቀድሞ የተቀመጠው? ባሌን ብጠይቀው አላውቅም ይለኝ ነበር። ከመሞቴ በፊት እጁን ስሜ ላመሰግነው ነው።»

ባለሱቁን አየሁት። እሱም አየኝ። ባለሱቁ ቀዳሚ የመሰለው ስሙ ስለተጠራ ነው እንጂ፣ እሱ ሲቀመጥ ባለሙያው ተቀምጦ ነበር፤ እኔም መሬቱ ላይ ነበርኩ። ሳጅኑ ጀማሪው አንተ ነህ ብሎ ቀጣኝ። እኔ ግን ጉልበቴ መቼ እንደታጠፈ አላስታውስም።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። «እውነቴን ነው።»

አልከፋትም። የሁለታችንንም እጅ ያዘችና ሳመች።